ስፖርት በደብዳቤ

መሥሪያ ቤት ያለ ደብዳቤ የሚያምነው ነገር የለም። ሰው የሚቀጠረው በደብዳቤ ነው፤ የሚሾመው በደብዳቤ ነው፤ ሲሞት እንኳ የሐዘን መግለጫው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካልተለጠፈ ሞቱ እርግጥ አይሆንም። ስለዚህ «ጉዳዩ፦ የሠራተኞችን ጤንነት ስለመጠበቅ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ማንም አልደነቀውም። የደነቀን ግልባጩ ነው። ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ለፋይናንስ፣ ለውስጥ ኦዲት ይላል። የውስጥ ኦዲትን ከኛ ላብ ጋር ምን አገናኘው ብለን ተያየን።

መልሱ ደብዳቤው ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ «ጤናማ አእምሮ የሚገኘው በጤናማ አካል ውስጥ መሆኑ ይታወቃል» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ አምሮ የጀመረ ደብዳቤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስለ ገንዘብ እንደሚያወራ ነባር ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። እንደተጠበቀውም የሕክምና በጀቱ ዓመቱ ሳይጋመስ መሟጠጡን ያትትና፣ በዚሁ መሠረት ሠራተኛው በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሽ እየተገኘ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ በጥብቅ ያሳስባል። ባጭሩ «ገንዘቡን ጨርሳችሁታልና ዝለሉ» ነው ነገሩ።

ገንዘቡ እንዴት እንዳለቀ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያሻል። ስትታመም ከሰው ሀብት ክፍል ደብዳቤ ይዘህ ውል ወደተገባበት ሆስፒታል ትሄዳለህ፤ ወይም ከኪስህ ከፍለህ ደረሰኝ ታመጣለህ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት ጣሪያ ተቆርጦለታል፤ የትዳር ጓደኛና ልጆችም እዚያው ጣሪያ ሥር ይጠለላሉ። ጭንቁ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው። የፋይናንሱ ሰውዬ ደረሰኝህን ተቀብሎ እንደ ራጅ ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣዋል። «ማኅተሙ ግማሹ ከወረቀቱ ውጪ ነው ያረፈው። ማዘዣው የታለ? ይቺ ቀን ለምን ተሰረዘች?» ይልሃል። አስተካክለህ ስትመለስ ደግሞ «ይሄ ቫይታሚን ነው፤ ቫይታሚን መድኃኒት አይደለም» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል። እኛ ጋ የሚመረምረው ሐኪም ይሁን እንጂ የመጨረሻውን ውጤት የሚነግርህ ፋይናንስ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የሰኔ ወረርሽኝ ነው። ጣሪያው ወደሚቀጥለው የበጀት ዓመት አይሻገርም፤ እስከ ሰኔ 30 ያልታመምክበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። ስለዚህ መስከረምን፣ ጥርን፣ ሚያዝያን በደህና የከረመ ሰው ሰኔ ሲገባ ጥርሱን ይጠዘጥዘዋል፤ ዓይኑ ይፈዝበታል፤ የመነጽር ፍሬሙ ፋሽን ያልፍበታል። ገበሬው ዘር ሲዘራ እኛ መነጽር እንለካለን። አንዱ ባልደረባችን እንዲያውም ዓመቱን ሙሉ ደህና በመሆኑ በጣም ከመቆጨቱ የተነሣ «ይህን ሁሉ ብር ለድርጅቱ ትቼ?» እያለ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ተመርምሮ፣ ከኩላሊት ጠጠር በስተቀር ምንም አላገኘም። ጠጠሯም ቢሆን ለእሱ ትንሽ መጽናኛ ነበረች።

ይሁንና በጀቱን የበላው የሰኔ መነጽር ብቻ ነው ማለት ሐሜት ይሆናል። በሽታችን ራሱ ተቀይሯል። ቀደም ሲል የመሥሪያ ቤታችን በሽታ ታይፎይድና ታይፈስ ነበሩ። ሁለቱ ተነጣጥለው አያውቁም፤ ትኩሳት ይዞህ ክሊኒክ ከገባህ ወረቀቱ ላይ ተቃቅፈው ይወጣሉ። ጥሩ በሽታዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ግን መጨረሻ ነበራቸው። ኪኒንህን ትጨርሳለህ፣ አጥሚትህን ትጠጣለህ፣ በሳምንትህ ወንበርህ ላይ ትገኛለህ፤ ደረሰኝህም አንድ ነው። ደም ግፊትና ስኳር ግን እንዲህ ያለ ጨዋነት አያውቁም። አንዴ ከገቡ ጡረታ እስክትወጣ አይለቁህም። መድኃኒቱ በየወሩ ነው፤ ክትትሉ በየጊዜው ነው፤ ላብራቶሪው ከነቤተሰቡ ነው። ስኳር ያለበትን ሠራተኛ ፋይናንስ ክፍል ስሙን ሳይጠይቅ በአካሄዱ ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ዶላር ተጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። የምንውጠው ኪኒን አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው፤ እዚህ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የላብራቶሪው ኬሚካል፣ የስኳር መለኪያው ስትሪፕ፣ የራጅ ማሽኑ መለዋወጫ ሁሉ በዚያው መንገድ ነው የሚገቡት። እንግዲህ ደማችን ባለበት ቢረጋ እንኳ ሒሳቡ ሽቅብ ወጣ። የግዥ ክፍሉ ጋሼ ለክትትል ሄደው ሐኪሙ «ምን አስጨነቀዎት? ግፊትዎ ጨምሯል» ቢላቸው፣ «የግፊት መድኃኒቱን ዋጋ አይቼ ነው የመጣሁት፤ ዝቅ ካለ በኋላ ለካኝ» አሉት አሉ።

አስተዳደሩ ታዲያ ምን ያድርግ? ዶላሩን ማውረድ አይችልም፤ የላብራቶሪውን ዋጋ ማስቀነስ አይችልም። የሚችለው እኛን ማዘዝ ነው። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ከተሰጠ ሥልጠና ሁለት ነገር ይዛ ተመለሰች፤ የቦርሳ ስጦታና አንድ ቁጥር። «ለሠራተኛ ደኅንነት የወጣ አንድ ዶላር ሦስት ዶላር ከ27 ሳንቲም የሕክምና ወጪ ያድናል!» ብላ ስላይዷ ላይ በቀይ ጻፈችው። ከሥሩ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን የልጅነታችንን መፈክር አስከተለች። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ከመፈክሩ ይልቅ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። አንድ ሰጥቶ ሦስት የሚቀበልበት ንግድ በዚህ ከተማ ከመሬት ሽያጭ በስተቀር አይቶ አያውቅም።

ቁጥሩ የፈጠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ካትሪን ቤይከር፣ ዴቪድ ከትለርና ዚሩዪ ሶንግ የተባሉ የሃርቫርድ ሰዎች ቀደም ብለው የወጡ ጥናቶችን ሰብስበው ያሰሉት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛው የጤና መድን የሚያገኘው በአብዛኛው በአሠሪው በኩል ስለሆነ፣ ወጪው እየናረ ያስጨነቀው ኩባንያ ሁሉ ቁጥሩን እንደ ሰማ ሠራተኛውን ሚዛን ላይ ማውጣት ጀመረ። የዚህ ቁጥር ወሬ ነው ቢሾፍቱን አቋርጦ እኛ አዳራሽ የደረሰው።

መጀመሪያ ቀን መምረጥ ነበረብን። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰኞ ስብሰባ አለ። ረቡዕ ጾም ነው፤ ጾመኛ አይዘልም ተባለ። ዓርብ ጾምም ጁምዓም ነው። ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ አይመቸውም። ሐሙስ ቀረች። ሐሙስ ለምን ያለ ክርክር እንዳለፈች የገባን በኋላ፣ ላባችንን ጠርገን ስንወጣ ነው፤ ኮሚቴው በሩ ላይ ቆሞ «የወጣው ኃይል መተካት አለበት» እያለ ወደ ሥጋ ቤት ይመራን ጀመር። አንድ ሰዓት የዘለልንበትን ወገብ በጎድን ቁርጥ፣ በአዋዜና በሁለት ሁለት ቢራ ወደ ነበረበት መለስነው፤ ትርፍም ሳይኖረው አልቀረም።

የአዳራሹ ትርዒት ግን መታየት የሚገባው ነበር። ገሚሱ የታላቁ ሩጫን ቲሸርት ለብሶ መጣ። ይህ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. በአሥር ሺህ ሰው ከተጀመረ ወዲህ ቲሸርቱ በየቤቱ ለፒጃማነት፣ ለቀለም መቀቢያነትና ለመኪና መወልወያነት ሲያገለግል ኖሯል፤ ለስፖርት ሲውል ያየሁት ያን ቀን ነው። መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ ከነጠላቸው ጋር ነው የገቡት። ሥራ አስኪያጁ ያደረገው ነጭ ስኒከር የዋጋ ወረቀቱ ገና አልተነሣለትም ነበር፤ ፋይናንስ ጎንበስ ብሎ ዋጋውን አነበበ።

አሠልጣኙ ጡንቻው ከቲሸርቱ ጋር የሚጣላ ልጅ እግር ነው። ችግሩ ያሳደጉት ሰዎች ጨዋ አድርገው ነው ያሳደጉት። ወጣቶቹን «ዝለል! ውረድ! ድገም!» ይላቸዋል፤ ምቱን ሳይስቱ ይዘላሉ። ጋሼ ፊት ሲደርስ ግን «ጋሼ፣ ጉልበትዎን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልኝ» እስኪል ሙዚቃው አልፎ ሄዷል። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እጅዎን ወደ ላይ» ሲል ሌላው ሰው መሬት ተኝቶ ሆዱን እየሠራ ነው። በዚህ የተነሣ አዳራሹ በክብር ለሁለት ተከፈለ፤ አንተ የሚባለው ይዘላል፣ አንቱ የሚባለው ይከተላል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለው ሠራተኛ የትናንቱን ሙዚቃ ዛሬ ሲዘል አየን።

እንዲህም ሆኖ ማንም ራሱን ስፖርት የማይችል አድርጎ አይቆጥርም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ ሮምን በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ካሸነፈ ወዲህ እያንዳንዳችን ሳንሮጥ ሯጮች ነን። «ሩጫ እኮ ለኛ በደም ነው» የሚለኝ ባልደረባዬ ይህን የሚለኝ ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት እየጠበቅን ነው። ሊፍቱ ሲቆይ መብራት ኃይልን ይረግማል እንጂ ደረጃውን ዞር ብሎ አያየውም።

ኃላፊዋ ይህን የደም ጉዳይ ተጠቀመችበት። የእርምጃ ውድድር አወጀች። ስልካችን ላይ እርምጃ ቆጣሪ ተጫነ፤ በቀን አሥር ሺህ እርምጃ ግዴታ ሆነ፤ በወር ብዙ የተራመደ የሦስት ወር የጂም ካርድ ይሸለማል። አሥር ሺህ የሚለው ቁጥር የሐኪም ትእዛዝ ይመስለን ነበር። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ቶኪዮ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሳምንታት ቢሆነው፣ የኦሊምፒክን ማራቶን ቶኪዮ ላይ ዳግም አሸነፈ፤ ጨርሶም ሌላው ሳይደርስ ስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ጃፓን በዚያ ኦሊምፒክ ማግሥት ስፖርት ስፖርት ስትል አንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ሠርቶ አሥር ሺህ የሚለውን ቁጥር በስሙ ላይ አድርጎ ሸጠው። ቁጥሩ ከምርምር ክፍል ይልቅ ከሽያጭ ክፍል የወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ስለ እርምጃ ብዛት ከማንም ጋር አይጨቃጨቅም።

እኛ ግን ተጨቃጨቅን። በመጀመሪያው ወር ማብቂያ ዝርዝሩ ሲለጠፍ አንደኛ የወጣው ዋና ሥራ አስኪያጁ ነበር። ሰውዬው ከመኪናው ወደ ሊፍቱ፣ ከሊፍቱ ወደ ወንበሩ ካልሆነ ሲራመድ ታይቶ ስለማይታወቅ ጉምጉምታ ተነሣ። ነገሩ ሲጣራ ስልኩ ቀን ቀን የሚውለው በተላላኪው ኪስ ነው። ልጁ ከባንክ ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ ገቢዎች ሲራወጥ አለቃው ቢሮ ቁጭ ብሎ ላቡን ያፈስሳል። ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድ እንደሚቻል ሰምቼ ነበር፤ ላብን ማውረድ እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው። ኮሚቴው «ስልኩ እንጂ ባለስልኩ መራመድ አለበት የሚል ደንብ የለም» ብሎ ውጤቱን አጸደቀ።

በዚህ ሁሉ መካከል ያልተቆጠረች አንዲት ሴት አለች። ስድስቱንም ፎቅ ጠዋትና ማታ በባልዲና በመወልወያ የምትወጣው የምትወርደው የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ሊፍቱን አትጠቀምም፤ ባልዲ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ስልክ ሰጥተናት ብትወዳደር ሁለተኛ የሚወጣው ሰው ገና ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ ውድድሩ ያልቅ ነበር። ስሟ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የኤጀንሲ ናትና። ድርጅቱ የጽዳቱንና የጥበቃውን ሥራ ለኤጀንሲ ሰጥቶ «ወጪ ቀነስኩ» ካለ ሰንብቷል። ከተቀነሰው ወጪ አንዱ የእሷ ሕክምና ነው። ለእሷ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ደጅ ነው ያለችው።

ይህን ሳስብ የለንደን አውቶቡስ ትዝ ይለኛል። ጄሪ ሞሪስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ አብረው የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን አነጻጸረ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለውን ሾፌርና ደረጃ እየወጣ እየወረደ ትኬት የሚቆርጠውን። እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት የልብ ሕመም ተቀማጩን ሾፌር ከትኬት ቆራጩ ይልቅ አብዝቶ እንደሚያጠቃው አሳየ። የኛንም ታክሲ በዚህ ዓይን ብናየው ሒሳቡ ግልጽ ነው። ሾፌሩ ተቀምጦ የፊቱን መኪና ይሰድባል፤ ረዳቱ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ በሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ሳንባውን ያሠራል። ለጂም መክፈል የማይፈልግ ሰው ለአንድ ወር ረዳት ሆኖ ይሥራ። የሚስበውን ጭስ በተመለከተ ሞሪስ ያጠናው ነገር ስለሌለ ዝም ብል ይሻላል።

ሞሪስ ግን ብልህ ነበርና እዚያ ላይ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መዝገብ አገላብጦ ሌላ ነገር አገኘ፤ ሾፌሮቹ ገና ከጅምሩ ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ ወገበ ሰፊ ናቸው። መሪው ሳይጨበጥ ቦርጩ ቀድሞ ተቀጥሯል ማለት ነው። ስለዚህ ሰውን ያወፈረው ወንበሩ ነው ወይስ ወንበሩን የመረጠው ወፍራሙ ነው የሚለው ጥያቄ ተከፈተ። እኔ በሐሙስ አዳራሻችን ያየሁት ይህንኑ ነው። ከሁለተኛው ወር በኋላ ሳይቀሩ የሚመጡት እነማን ናቸው? ድሮም ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ የሚሮጡት፣ እንጦጦ የሚወጡት፣ ቅዳሜ ኳስ የሚጫወቱት። ግፊትና ስኳር ያለባቸው ወይ አሞኛል፣ ወይ ሪፖርት አለብኝ፣ ወይ ታክሲ አጣለሁ ብለው አንድ በአንድ ቀርተዋል። ጤነኛው ጤናውን ሊያጸና ይመጣል፤ የፋይናንስ ደንበኞች ግን ያሉት ፋይናንስ ነው።

አሜሪካኖቹም እዚሁ ጋ ደረሱ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሠራተኞቻቸውን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ብቻ ወደ ጤና ፕሮግራም ጋበዙ። ተጋብዘው የተሳተፉት ቀድሞውንም የሕክምና ወጪያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ሆነው ተገኙ፤ ፕሮግራሙ ግን ወጪውን ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሶንግና ቤይከር፣ እነዚያው የሦስት ዶላር ከ27 ሳንቲሙ ሰዎች፣ 160 መሥሪያ ቦታዎች ባሉት አንድ የችርቻሮ ኩባንያ 33 ሺህ ገደማ ሠራተኞችን በዕጣ አጥንተው የ18 ወር ውጤት አወጡ። ፕሮግራሙ በተሰጠባቸው ቦታዎች ያሉት ሠራተኞች ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንጠብቃለን ማለታቸው ጨምሯል። በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮል፣ በሕክምና ወጪ፣ ከሥራ በመቅረት ላይ ግን ጎላ ያለ ለውጥ አልታየም። ሳይንስ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፤ ያለውን ቁጥር ራሱ መልሶ ይፈትሻል። የሥልጠና ስላይድ ግን አንዴ ከተሠራ አይሻርም።

ይህን ለሰው ሀብት ኃላፊዋ ወስጄ ነገርኳት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቡና አዘዘችልኝና አዳመጠችኝ።

«ታዲያ ስፖርቱን እንተወው ነው የምትለኝ?»

«ኧረ በጭራሽ! መዝለሉ ለልብም ለወገብም ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። በጀት ያድናል የሚለውን ብቻ እንተው።»

«ወንድሜ፣ በጀት አያድንም ካልኩማ ማን ይፈርምልኛል? ሥራ አስኪያጁ ጤና ነው ብዬ ብነግረው ‹እግዜር ይስጥሽ› ብሎ ያሰናብተኛል። ቁጥር ስነግረው ነው እስክሪብቶ የሚያነሣው።»

እውነቷን ነው፤ መልስ አጣሁላት። ግን እሷም እኔም የምናውቀው ሌላ ደብዳቤ ነበር። ስፖርቱ በተጀመረ ሰሞን፣ ሁላችንም ስለ ቱታ ስናወራ፣ ድርጅቱ የሚሸፍነው የሕክምና ወጪ ከመቶ በመቶ ወደ ሰማንያ በመቶ እንዲወርድ ተወስኗል። በዓመቱ መጨረሻ በወጣው ሪፖርት «በተወሰደው የጤና ማጎልበት እርምጃ የሕክምና ወጪ ቀንሷል» ተብሎ ተጨበጨበ። የታመመው ሰው ያው ነው፤ ኪኒኑም ያው ነው። ወጪው ኪስ ነው የቀየረው።

ኪስ የሚቀይር ወጪ መጨረሻው የት እንደሆነ መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ያውቃል፤ የመዋጮ ወረቀት ላይ ነው። ባልደረባ ከበድ ያለ ሕመም ሲገጥመው አንድ ነጭ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ከላይ ስምና ምክንያት፣ ከታች ተራ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠን፣ ፊርማ። የወረቀቱ ጥበብ የመጀመሪያው ሰው ላይ ነው፤ እሱ አንድ ሺህ ከጻፈ ቀጣዩ ሁለት መቶ ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል። አስተባባሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያቀርቡት ሰው ፊት ለሚፈራ ሀብታም ነው። ከየትኛውም ስላይድ ይልቅ በዚህች ወረቀት የዳነ ሰው አውቃለሁ።

ሕጉስ? አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ከሕጉ ጋር ተስማምቶ መታመም የሚፈልግ ሰው እንግዲህ በሠላሳ ቀን ድኖ መነሣት አለበት። ስኳር ደግሞ አዋጅ አያነብም።

ሌላም መንገድ ታስቦልን ነበር። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ሦስት በመቶ፣ አሠሪውም ሦስት በመቶ እያዋጡ የታመመው እንዲታከምበት የታሰበ ነው። ያኔ የነበረውን ጉርምርምታ አስታውሳለሁ። «ሳልታመም ልክፈል?» ያላለ አልነበረም። ነገሩ በይደር፣ በይደር ለዓመታት ተጓተተ። በአንጻሩ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ገጠሩን እያዳረሰ ሄደ። የአጎቴ ልጅ፣ ገበሬው፣ የቤተሰቡን መዋጮ በዓመት አንዴ ከፍሎ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይገባል። ባለ ዲግሪው እኔ ቀኗ የተሰረዘች ደረሰኝ ይዤ ፋይናንስ በር ላይ እቆማለሁ። ለበዓል ቤተሰብ ስጠይቅ «ከተማ ጥሩ ነው?» ሲለኝ «ጥሩ ነው፤ ስፖርት እንሠራለን» እለዋለሁ።

«ሳልታመም አልከፍልም» ያልነው ሰዎች ደግሞ ለእድር ሳንሞት መክፈላችን ነው የሚያስቀው። በየወሩ ሳንዛነፍ እንከፍላለን፤ የቀረ ይቀጣል። የኛ ሰፈር እድር ድንኳኑ አዲስ ነው፣ ወንበሩ ሙሉ ነው፣ ብረት ድስቱ የትየለሌ ነው። የሕመምተኛ ነገር ግን ደንቡ ውስጥ የለም። አንድ ጊዜ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «ከሞትን በኋላ ከምታለቅሱልን ጥቂቱን ሳንሞት ብትሰጡን ምናለ?» ቢሉ፣ ሰብሳቢው «እማማ፣ ሕመም መጨረሻው አይታወቅም፤ ሞት ግን የታወቀ ወጪ አለው» አሏቸው። የበጀት ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ከፋይናንስ ነው።

ለሠራተኛ ጤና እናስብ ከተባለ መጀመሪያ የሚመጡት ርካሾቹ ነገሮች ናቸው። የሦስት ሰዓቱን ስብሰባ አንድ ሰዓት ማድረግ ለወገብ ከየትኛውም አሠልጣኝ ይሻላል፤ ይከፈልበታል እንኳ ቢባል በቲሸርቱ ዋጋ ያልቃል። ግፊትን በየቢሮው በነፃ መለካት ይቻላል። የወንበሩን እግር ማስተካከል፣ የደረጃውን አምፖል መቀየር፣ ደመወዝን በቀኑ ማስገባት ሁሉ ጨጓራን ያስታግሣሉ። ከዚያ ቀጥሎ ሰማንያ በመቶውን ወደ መቶ በመቶ መመለስና ዝርዝሩን ማስፋት ነው። ባልዲ ይዛ ስድስት ፎቅ የምትወጣ ሴት ታማ የምትተኛበትን ቀን የማይቆጥር የጤና ፕሮግራም የቆጠረው እርምጃ ለምን ይጠቅማል?

የሐሙሱ ስፖርት እንዳለ ይቀጥል፤ እኔም አልቀርም፤ ጎድን ቁርጡም ይቀጥል። ለእርምጃ ውድድሩ ግን ለኮሚቴው አንዲት የማሻሻያ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። የጂም ካርዱ ይቅርና ሽልማቱ ለአሸናፊው ከነቤተሰቡ የዓመት ሙሉ የሕክምና ሽፋን ይሁን፤ በግቢው ውስጥ የሚሠራ ሁሉ፣ የኤጀንሲም ይሁን ቋሚ፣ ይወዳደር፤ ስልኩም በባለቤቱ ኪስ ይዋል። ኮሚቴው ሐሳቡን ለሌላ ስብሰባ አሳድሮታል። ማን እንደሚያሸንፍ ከወዲሁ ስለሚያውቁ ነው የማይቸኩሉት፤ ባልዲዋ ሊፍት አይገባማ።